ስሙ የወደቀ ችግኝ

በሽቦ አጥሩ ውስጥ ያለው አስተናግር፣ አስተናግር አልነበረም።

ካጌሃ ተንበርክካ አንድ ቅጠል ቀነጠሰችና በጣቶቿ መሀል አሸችው። አስተናግር ሲያሹት ይከረፋል፤ እጅ ታጥበው እንኳ ሽታው ቶሎ አይለቅም። ይሄ ግን የተራ ጎመን ሽታ ነው ያለው። ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ከሥሩ ጥቃቅን ነጭ አበቦች አየች፤ አንዳቸውም ከጥፍሯ አይበልጡም። የአስተናግር አበባ ረጅም ነው፣ ጡሩምባ ነው የሚመስለው። ይሄ አውጥ ነው። «መርዛማ! እንዳትነኩ!» ከሚለው ቀይ ሰሌዳ ሥር፣ ቁልፍ ተቆልፎበት፣ አሥራ ሁለት እግር አውጥ ተንዠርግጓል። የአገሩ ሰው በየማታው ቀቅሎ ኡጋሊ ከሚባለው የበቆሎ ገንፎ ጋር የሚበላው አውጥ።

እንግዲያው አስተናግሩ የት ሄደ?

ካጌሃ መልሱን ትናንት እሑድ ጸሎት ቤት ሰምታዋለች። ከወንዙ ማዶ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ዓርብ ማታ ቅጠል ቀቅላ ከልጇ ጋር ራት በላች። የአራት ዓመቱ ኤልፋስ መጀመሪያ ውሃ ውሃ አለ። ቀጥሎ ዓይኑ ፈጦ፣ አየር ላይ የሌለ ነገር እየጨበጠ ይቀባጥር ጀመር። በሞተር ሆስፒታል አደረሱት፤ ሊነጋ ሲል ሞተ። እናቱ ተርፋለች። ሐኪሙ የበሉት አስተናግር ነው ብሏል።

ካጌሃ እጇን በዩኒፎርሟ ቀሚስ ጠረገች። ደግማ ጠረገችው። ፈርታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት በአሥራ አምስት ዓመቷ አታውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዕፅዋት አፀዱ መምጣት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ጉልበቱ ግን የበጎ ፈቃደኞች። ጡረተኛ አስተማሪዎች ለተማሪዎች ዛፍ ያስጎበኛሉ፣ እናቶች ስለ ጓሮ አትክልት ይማራሉ፣ ከትምህርቱ በኋላ ደግሞ ችግኝ ይታደላል። የችግኝ ጣቢያው አለቃ ጉጋ ኪሲያ ነው። ጉጋ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሽማግሌው ግን ለአፀዱ ልጆች ሁሉ ጉጋ ነው። ድሮ ፖስተኛ ነበር። ዛሬ ሁለት ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ እሱ ግን «ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ናት» ይላል።

ጉጋ ኪሲያ አንድ ሕግ አለው። ችግኞቹ የሚፈሉት በተቆረጠ የወተት ከረጢት ነው፤ ከረጢቶቹ በየሣጥኑ ይደረደራሉ፣ በየሣጥኑ ላይ ስም የተጻፈበት እንጨት ይሰካል። እንጨቱ ከወደቀ ሣጥኑ በሙሉ ይጣላል። ክርክር የለም፤ ስሙ የወደቀ ችግኝ ለሰው አይሰጥም።

«ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አድያለሁ» ይላል ጉጋ። «አድራሻ የሌለውን በግምት አድዬ አላውቅም።»

ካጌሃ በግምት ሰጠች።

ከአራት ሳምንት በፊት ነበር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ለማግስቱ እደላ ሣጥኖች ልታሰናዳ መጥታ። ዝናብ ይዞ ነበር፣ እሷም የመዘምራን ልምምድ ረፍዶባት ትጣደፋለች። መደርደሪያው ከዳትና ሁለት ሣጥኖች ተንሸራተው ወረዱ። ከረጢቶቹ አልተቀደዱም፤ ሁለቱ እንጨቶች ግን ጭቃው ውስጥ ወደቁ። አንደኛው «አውጥ» ይላል፣ ሌላው በመርዛማዎቹ አጥር ውስጥ ለማስተማሪያ የሚተከለው «አስተናግር»። ችግኞቹ ገና አራት አራት ቅጠል ናቸው፣ ለእሷ ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው።

መጣል ነበረባት። ግን በማግስቱ ስልሳ ሴቶች ይመጣሉ። ቅጠሉ ሰፊ ነው የተባለውን አዲሱን የአውጥ ዘር ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ሲጠብቁ ቆይተዋል። ደግሞም ለጉጋ መንገር አለ፤ እሱ አይቆጣም፣ ዝም ብሎ ይተነፍሳል፣ ያ ከቁጣ ይከፋል። ሁለቱን ሣጥኖች አየች። የአንደኛው ቅጠል ትንሽ ሰፋ ይላል። አዲሱ አውጥ ሰፊ ነው ተብሏል፤ እንግዲህ ይሄ ነው ብላ የአውጡን እንጨት ሰካችበት፣ የአስተናግሩን በሌላው ላይ ሰክታ እየሮጠች ሄደች። ልምምዱ ላይ በደንብ እንደዘመረች ታስታውሳለች።

ቅዳሜ ያ ሣጥን የታደለው መጨረሻ ላይ ነው። ለአሥራ አንድ ሴቶች፣ ሦስት ሦስት እግር። ጉጋ ከመዝገቡ ስም ያስጠራል፣ ካጌሃ ታድላለች። «አዲስ ዘር ነው» አላቸው ጉጋ፤ «ቅጠሉ ከለመዳችሁት ለየት ቢልባችሁ እንዳትደነግጡ።» አንድ ትንሽ ልጅ የእናቱን ችግኝ ካልተሸከምኩ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ካጌሃን ቀና ብሎ አያትና «ማነው ስሙ?» አላት።

«አውጥ» አለችው።

ያ ኤልፋስ ነበር።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ የበጎ ፈቃደኞቹ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ ማዳም ጄንትሪክስ የርእሰ መምህርነት ጊዜዋ አልለቀቃትም፤ ስትናገር ጠመኔ የያዘች ይመስል ሁለት ጣቷን ታጣምራለች።

«አስተናግር በየመንገዱ ዳር ይበቅላል» አለች። «የልጁን እናት የገዛ አማቷ እንኳ ከቆሻሻ መጣያ ዳር ለቅማ ነው ትላለች። እግዚአብሔር ያጽናት፣ ግን እኛን አይመለከትም። ይሄ ወሬ ወደ አፀዱ ከዞረ በሩን ይዘጉብናል። መሬቱ ላይ ዓይናቸውን የጣሉ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ።»

«ከእኛ ችግኝ ወስዳ ነበር እኮ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«ወስዳለች» አለ ጉጋ ኪሲያ። «አውጥ ነው የወሰደችው። እንጨቱ ላይ አውጥ ይላል፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የእኔ እንጨት አይዋሽም።»

የሁሉም ትከሻ ወረድ አለ። ካጌሃ ጥግ ተቀምጣ «አሁን እናገራለሁ» አለች በልቧ። ማዳም ጄንትሪክስ መዝገቡን ዘጋች። «አሁን» አለች ካጌሃ። ሰዎቹ ለቀብር ስለሚላክ ስኳርና ሻይ ቅጠል ማውራት ጀመሩ። ከዚያ ተነሱ፣ እሷም አብራ ተነሳች።

ለጓደኛዋ ለሚናዮ ግን የዚያኑ ዕለት ወደ ቤት ሲሄዱ ነገረቻት። ሚናዮ መሀል መንገድ ላይ ቆመች።

«በእናትሽ! ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«ለማንም።»

«በቃ አትናገሪ። ካጌሃ ሙች፣ ፖሊስ ነው የሚመጣው። ጉጋም ያብዳል። ልጁ እንደሆነ አይነሳ።»

«ሌሎቹስ? አሥር ቤት አለ እኮ ሚናዮ። ገና ያልበሉ።»

ይሄን ሚናዮም አላሰበችውም ነበር። ከንፈሯን ነከሰች። የኤልፋስ እናት መሬት ወንዝ ዳር ስለሆነ ቶሎ ደርሶላት ነው፤ የሌሎቹም ቢሆን ዛሬ ነገ ይቀጠፋል።

«እንነቅለዋለን» አለች በመጨረሻ። «ተባይ ገብቶበታል፣ አፀዱ ልኮን ነው እንላለን። ማንም አይነቃም። ጨዋታው ያልቃል።»

መዝገቡን በስልኳ ፎቶ ያነሳችው ሚናዮ ናት። ማክሰኞና ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከነዩኒፎርማቸው ዞሩ። ሁለት ቤት ችግኙ ደርቋል። አንድ ቤት ፍየል አበላሽቶታል ተባሉ፤ ፍየሉ ምን ሆነ ብላ ካጌሃ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች። በሌሎቹ ቤቶች ነቀሉ። እያንዳንዱ እግር ሲነቀል ያ ግማት ይወጣል፣ ሚናዮም አፍንጫዋን ይዛ «አቦ፣ ይሄን ደግሞ ማን ይበላዋል» ትል ነበር፤ ኋላ ላይ ይህንንም ማለት ተወች።

ስድስተኛው ቤት ያገኟት ሴትዮ ወፍራም፣ ሳቂታ ናት። ቅጠሉ ተቀጥፎ ከባቄላ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ወንፊት ላይ ተቀምጧል። ካጌሃ ወንፊቱን ሳትጠይቅ አነሳችው።

«ኧረ ልጄ፣ ራቴን ነው እኮ!» አለች ሴትዮዋ። «የአፀዱ ሰዎች ሰጥታችሁ መልሳችሁ ትቀማላችሁ እንዴ?»

«ተባይ ገብቶበታል፣ ማማ።»

«ተባዩንስ አብረን እንቀቅለዋለን!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ወንዙ በአገጯ ጠቆመች። «እንደዚያች ሰነፍ ከምሆን ይሻላል መቼም። ምን ዓይነት ሴት ናት ከቆሻሻ ላይ ለቅማ ልጇን የምታበላ? ባሏ ከናይሮቢ መጥቷል አሉ። ቀብሩ እስኪያልፍ ነው እንጂ ይሰዷታል።»

ሚናዮ የካጌሃን ክንድ ጨመቀች። ካጌሃ ወንፊቱን እንደያዘች ቆመች። ራሷን ጠላች፤ ቅጠሉን ቦርሳዋ ውስጥ ደፍታ ባዶውን ወንፊት መለሰች።

ረቡዕ ሲመሽ ዘጠኝ ቤት ተሰርዟል። የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ማማ ብራያን» ይላል። መንደር የለውም፣ ስልክ የለውም። እዚህ ሴት ከወለደች በስሟ የሚጠራት የለም፤ የብራያን ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። ሦስት ማማ ብራያን ጠየቁ፣ ሦስቱም ያን ቅዳሜ ወደ አፀዱ አልመጡም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ካጌሃ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሮጠች። ጉጋ ኪሲያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያረጁ እንጨቶችን በቢላዋ ይፍቃል።

«ማማ ብራያን?» አለ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። «ፊቷን አላውቀውም፣ ድምፅዋን ነው። ሲያስነጥሳት የነበረችው። ከሟቹ ልጅ እናት ጋር በአንድ ሞተር ነው የመጡት። ቤቷን የምታውቅ እሷ ናት።» ቢላዋው ቆመ። «ለምን ፈለግሻት?»

«ተባይ... ችግኙ ላይ ተባይ ሳይገባ አይቀርም ብለን።»

«አላየሁም።» ሽማግሌው ዓይኑን በእጁ ጀርባ አሸ። «እኔ ምን አያለሁ ብለሽ ነው ልጄ። አንቺ አየሁ ካልሽ አይተሽ ነው።»

ካጌሃ ያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበራት። ወረቀቱ ላይ ስሟን ጽፋ ሌላ ምንም ሳትጽፍ ሰጠች።

«ተይው በቃ» አለቻት ሚናዮ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ። «ከአሥር ዘጠኝ አገኘን እኮ። ምናልባት ደርቆባት ይሆናል። እዚያ ለቅሶ ቤት ሄደሽ ምን ልትያት ነው?»

«ተባይ እላታለሁ።»

«ልጇ ሞቶ?»

ካጌሃ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የአባትየው ወገን ሽማግሌዎች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ተቀምጠው ስለ ቅዳሜው ቀብር ያወራሉ። ሴቶቹ ትልቁን ድስት ከበው ሻይ ይቀዳሉ። የኤልፋስ እናት መሀላቸው የለችም። ካጌሃ ያገኘቻት ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ጆንያ አንጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሆስፒታል የሰጧት ፕላስተር አሁንም ክንዷ ላይ ነው። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የለም፣ ያስቀመጡላት የሻይ ኩባያም ቀዝቅዞ ቆዳ ሠርቷል።

«ማማ ኤልፋስ» አለች ካጌሃ።

ሴትየዋ ቀና አለች። ከልጁ ሞት ወዲህ በዚህ ስም የጠራት እንደሌለ ፊቷ ላይ ይታያል።

«የማማ ብራያን ቤት የት እንደሆነ ቢነግሩኝ... አብራችሁ የመጣችሁት። አፀዱ።»

«ለምን?»

ያዘጋጀችው ቃል «ተባይ» ነበር። ካጌሃ ግን ስለ ዝናቡ፣ ስለ መደርደሪያው፣ ስለ ሁለቱ እንጨቶች ተናገረች። እየተንተባተበች፣ አንዱን ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን እየዘለለች።

«አንቺ ነሽ በእጄ የሰጠሽኝ» አለች ሴትየዋ፣ ካጌሃ ስትጨርስ።

«እኔ ነኝ።»

«አውጥ ነው ብለሽዋል። ጠይቆሽ።»

«ብየዋለሁ።»

የኤልፋስ እናት ዓይኗን ጆንያው ላይ ተከለች። «አልለቀምኩም ስላቸው አላመኑኝም» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው። «አራት ቀን ሙሉ ሲነግሩኝ ለቅሜ ይሆናል ማለት ጀመርኩ። የት ጋ እንደለቀምኩት እፈልጋለሁ ተቀምጬ። ትናንት ማታ ቦታው ሁሉ ትዝ አለኝ።»

ካጌሃ ማልቀስ ጀመረች። ሴትየዋ አላባበለቻትም። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። «ማማ ብራያን ሐሙስ ገበያ ናት። ራት የሚሠራው ልጇ ነው። ነይ።»

መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ለበሽተኛ አይሆንም። ሴትየዋ በየአጥሩ እየቆመች ትተነፍሳለች፣ ካጌሃ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ ግን ክንዷን ትሰበስባለች። ያገኟቸው ሁለት ሴቶች ሰላምታ ሳይሰጡ መንገድ ለቀቁ።

ማድ ቤቱ ጭስ ሞልቶታል። አሥር ዓመት የሚሆነው ብራያን የቤት ሥራውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እሳት ይቆሰቁሳል። ከጎኑ ታጥቦ የተከተፈ ቅጠል በሳህን ተቀምጧል፣ ዘይቱ ድስቱ ውስጥ ግሏል። የኤልፋስ እናት ሳህኑን አንስታ አሸተተች። ከዚያ ወጣችና ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። ካጌሃ በጓሮው ዞራ ሦስቱን እግር ከነሥራቸው ነቀለች።

«እናቴ ትገድለኛለች!» አለ ብራያን ከበሩ ላይ። «ምን ልበላት?»

«ማማ ኤልፋስ መጥታ ደፋችው በላት» አለች ሴትየዋ።

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሰው ስለ እሷ የሚለውን እሱም ሰምቷል። ካጌሃ ነገ ጠዋት የሚወራው ታያት፤ ያቺ ሴት ጨርሶ ለየላት፣ ከሰው ቤት ገብታ ራት ትደፋለች። የኤልፋስ እናትም ይህን ሳታውቀው አልቀረችም። ግን ሌላ ቃል ሳትጨምር ቁልቁለቱን ጀመረች።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሴትየዋ በሩን ይዛ ቆመች። ካጌሃ የሆነ ነገር እንድትላት ጠበቀች፤ ስድብም ቢሆን።

«ሌላ ቤት የቀረ አለ?»

«የለም። ይሄ መጨረሻው ነው።»

«እሺ» አለችና ገባች፤ ድንኳኑን ዞራ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ጆንያዋ ሄደች። ከሽማግሌዎቹ አንዱም ዞር ብሎ አላያትም። አማቷ ብቻ ከድስቱ ላይ ቀና ብላ «ይቺ ደግሞ ሀዘንተኛ ናት፣ ስትዞር የምትውል?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

በካጌሃ ኪስ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። ሚናዮ ናት። «አገኘሻት? ካገኘሻት አለቀ። በቃ ነይ፣ ማንም አያውቅም።»

እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። ከአንዲት ማንም ከማያምናት ሴት በቀር። ካጌሃ ስለ አፀዱ በር አሰበች፣ ስለ ጉጋ ኪሲያ አሰበች፣ እናቷ ይህን ስትሰማ ስለሚኖራት ፊት አሰበች። ስልኩን አጠፋችው።

በሩን ገፍታ ገባችና በቀጥታ ወደ ወንበሮቹ ክብ ሄደች። ወሬያቸውን አቋረጡ። ሽማግሌዎቹ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን፣ ጭቃ የነካውን ጉልበቷን አዩ። አንደኛው ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ልጅ መስላው ባዶ ወንበር ሳብ አደረገላት።

«ተቀመጪ ልጄ» አላት።

ካጌሃ አመሰገነችው፣ ግን አልተቀመጠችም።